ድንኳኑ ሳይወጣ ቀበቶው ይውጣ

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር። አባሎች ተጽፎ በመጽሔቱ እንዲወጣ ስለ ጠየቁ ከዚህ ቀርቧል።)




እንደምታውቁኝ እኔ ግንበኛና አናጢ ነኝ። እጄ ከመዶሻና ከቱንቢ ጋር እንጂ ከማይክራፎን ጋር ብዙ አልተዋወቀም፤ ስለዚህ ንግግሬ ቢንዛዛ ወይም ቢያጥር ታገሡኝ።

የዛሬው ርእሴ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ስንሠራ ከመውደቅ የሚጠብቀንን መሣሪያ እንዴት እንደምንጠቀምበት ነው። ከመካከላችሁ «ይህ የኮንትራክተር ነገር ነው፤ ከእድር ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፥ እድራችን የተቋቋመው ለቀብር ነው። ቀብሩ ግን ከየት ይመጣል? ከበሽታ ይመጣል፥ ከእርጅና ይመጣል፤ ከጣሪያም ይመጣል። ከበሽታ የሚመጣውን ሐኪም ይከላከለው እንበል። ከጣሪያ የሚመጣውን ግን እኛው ራሳችን ልንከላከለው የምንችል ስለሆነ ነው ጉዳዩን ወደዚህ ያመጣሁት።

አሁን የምነግራችሁን ነገር ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የልጁ እናት ዛሬም ከመካከላችን ተቀምጠዋል። እንድናገር ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን ግን አልጠራም።

ወሩ ሚያዝያ ነበር። ክረምቱ ሳይገባ ጣሪያ ለመምታት ሁላችንም የምንጣደፍበት ጊዜ መሆኑን ታውቃላችሁ። እዚሁ ደምበጫ አንድ ቤት ቆርቆሮ እናለብሳለን፤ የሥራው ኃላፊ እኔ ነበርሁ። ቤቱ ፎቅ አይደለም፤ ከመሬት እስከ ጣሪያው ጠርዝ 4 ሜትር ቢሆን ነው። መወጣጫውን ከአጣና ሠራነው፤ በሁለት ግድሞች ላይ አንዲት ጣውላ ዘረጋን። መደገፊያ አላደረግንለትም። ልጁ በዚያች ጣውላ ላይ ቆሞ የመጨረሻውን ረድፍ ቆርቆሮ ከታች ሲቀበል ነፋስ መጣ። ቆርቆሮ በነፋስ ጊዜ እንደ ሸራ ነው፤ ሰውን ይዞ ይሄዳል። ልጁ ቆርቆሮውን አልለቀቀም፤ ከነቆርቆሮው ወረደ። በጀርባው ነበር የወደቀው። መኪና ፈልገን ወደ ፍኖተ ሰላም ይዘነው ስንበር መንገድ ላይ አረፈ።

አሁን እኔን የሚከነክነኝን ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ፎቅ ስሠራ የተሰጠኝ የደኅንነት ቀበቶ፥ ሠራተኛው ሴፍቲ ቤልት የሚለው፥ በዚያን ቀን ቤቴ ከበሩ ጀርባ በሚስማር ላይ ተሰቅሎ ነበር። ጧት ስወጣ ዓይኔ አርፎበታል። «ለዚች ቤት ደግሞ ቀበቶ?» ብዬ ትቼው ወጣሁ። ይኸው ነው ጥፋቴ። የባለቤቱም አይደለም፥ የነፋሱም አይደለም።

በሦስተኛው ቀን እድራችን በተከለው ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ እናቱ አጠገቤ መጥተው፥ «አያ፥ ልጄ ምን ይዞ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። ምን ብዬ ልመልስ? ቆርቆሮ ይዞ ነበር። ከቆርቆሮው ሌላ እሱን የያዘው ነገር አልነበረም። አንገቴን ደፍቼ ዝም አልሁ። ዛሬ የምናገረው ያን ጊዜ ያልመለስሁትን ለመመለስ ነው።

ይህ ነገር በእኛ ሰፈር ብቻ የደረሰ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የጥምቀት ዕለት ጎንደር በፋሲለደስ መዋኛ ለተመልካች የተሠራ የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞተዋል። መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ፥ በሰሜን ሸዋ በምንጃር ሸንኮራ፥ በአረርቲ ማርያም በክብረ በዓሉ ላይ፥ በመሠራት ላይ በነበረው ቤተ ክርስቲያን የቆመው የእንጨት መወጣጫ ተደርምሶ ቢያንስ 36 ምእመናን አልቀዋል፤ የቆሰለው ከ200 በላይ ነበር። ለበዓል የወጣ ሰው ነው የሞተው። በዚያ አካባቢ ያሉ እድሮች በዚያ ሳምንት ስንት ድንኳን እንደ ተከሉ እናንተው ገምቱት። እኔ እዚያ አልነበርሁምና የማን ጥፋት እንደሆነ አልፈርድም። የምለው አንድ ነው፤ እኛ አገር መወጣጫ የሚሠራው ከባሕር ዛፍ አጣናና ከሚስማር ነው፤ ስንት ሰው እንደሚችል አስቀድሞ የሚያሰላው ግን ጥቂት ነው። መወጣጫ ለሠራተኛ እንጂ ለተመልካች አይደለም። ሥራ ሲቆም የታችኛው መሰላል ይነሣ፥ መግቢያውም ይታጠር። ይህን ለቤተ ክርስቲያን አሠሪ ኮሚቴዎቻችን በተለይ አደራ እላለሁ።

እንግዲህ ወደ ቁም ነገሩ ልግባ።

ብዙ ሰው «ትንሽ ከፍታ አይገድልም» ይላል። ስሌቱን ተመልከቱ። ከ4 ሜትር የሚወድቅ ሰው መሬት ለመድረስ አንድ ሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም። መሬት ሲነካ ፍጥነቱ በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ2 ሜትር የወደቀው እንኳ በሰዓት ከ22 ኪሎ ሜትር በላይ እየሄደ ይመታል። አንድ ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሰው «እዘላለሁ፥ አጎነብሳለሁ፥ እይዛለሁ» ብሎ ለማሰብ ጊዜ የለውም። የተያዘ እንደሆነ አስቀድሞ በተዘጋጀ ነገር ነው የሚያዘው።

የዝግጅቱ ተራ ደግሞ እንዲህ ነው። መጀመሪያ፥ መሬት ላይ ሊሠራ የሚችለውን ሥራ መሬት ላይ መጨረስ። ወራጁንና ማገሩን እታች ለክቶ፥ ቆርጦ፥ ቀብቶ ማውጣት ይቻላል። ያልወጣ ሰው አይወድቅም። ሁለተኛ፥ መውጣት ግድ ከሆነ፥ ከሚቆሙበት ጠርዝ ላይ መከለያ ማድረግ። መወጣጫው ቢያንስ ሁለት ሦስት ጣውላ ጎን ለጎን ይኑረው፤ ጣውላዎቹ ይታሰሩ፤ በወገብ ቁመት አንድ አጣና፥ በጉልበት ቁመት ሌላ አጣና በግድም ይመታ። ይህ ሁለት አጣናና ጥቂት ሚስማር ነው፤ ያ ልጅ ይህ ቢኖረው ኖሮ ቀበቶም ላያስፈልገው ይችል ነበር። መሰላል ስናቆምም፥ ለ4 ክንድ ቁመት እግሩ 1 ክንድ ከግድግዳው ይራቅ፤ ጫፉ ከጣሪያው ጠርዝ 1 ሜትር ያህል ይለፍ፤ ራሱም ይታሰር። ሦስተኛ፥ ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ጠርዝ ላይ የሚያደርስ ሥራ ካለ፥ ያን ጊዜ ቀበቶው ይመጣል። ቀበቶ የመጨረሻው አጥር ነው፤ የመጀመሪያው አይደለም።

ቀበቶ ሲባል የሱሪ ቀበቶ እንዳይመስላችሁ። ትከሻን፥ ደረትንና ሁለቱን ጭኖች የሚይዝ ጠፍር ነው። በጀርባ በኩል፥ በሁለቱ ትከሻዎች መካከል፥ የብረት ቀለበት አለው። ከቀለበቱ ጋር ባለ መንጠቆ ማያያዣ ገመድ ይገባል። በደኅናው ገመድ ላይ ታጥፎ የተሰፋ ጥቅል ነገር ታያላችሁ፤ ያ ጥቅል ሰው ሲወድቅ እየተተረተረ የውድቀቱን ኃይል ያበርዳል። እሱ ባይኖር ገመዱ መሬት እንዳይነካ ያድነውና በድንገተኛ ነጠቃው ጀርባውን ይሰብረዋል።

ወገብ ላይ ብቻ የሚታሰረው ቀበቶስ? አሜሪካኖች በአውሮፓ አቆጣጠር ከጥር 1998 ጀምሮ የወገብ ቀበቶን ለወደቀ ሰው መያዣነት ከልክለዋል። ምክንያቱም ሰውየው ሲነጠቅ ኃይሉ ሁሉ ሆድ ዕቃው ላይ ያርፋል፤ አለዚያም ተዘቅዝቆ ከቀበቶው ያመልጣል። ስለዚህ ወገባችንን በገመድ አስረን ከፍ ካለ ቦታ መሥራት መታሰር ነው እንጂ መዳን አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ አዋቂ «ደብረ ዳሞስ?» ይለኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ትግራይ ደብረ ዳሞ፥ የአቡነ አረጋዊ ገዳም፥ የሚወጣው 15 ሜትር ያህል በሚሆን ገደል ላይ በጠፍር ገመድ ነው። እንግዳው አንዱን ገመድ ይዞ ይወጣል፤ ሁለተኛው ገመድ ወገቡ ላይ ይታሰርለትና ከላይ ያሉት መነኮሳት ይስቡለታል። አባቶቻችን ከዚያ ላይ ሁለት ትልቅ ነገር አስተምረውናል። አንደኛው፥ የምንወጣበት ገመድና የሚይዘን ገመድ የተለያዩ መሆን አለባቸው፤ አንዱ ቢያመልጥ ሌላው አለ። ሁለተኛው፥ ከላይ ያለው ሰው ገመዱን ሳያላላ እየሳበ ስለሚይዝ ወጪው ቢያዳልጠው እንኳ ብዙ አይወርድም። የወገብ ገመድ እዚያ የሚሠራው ስለማይላላ ነው። የእኛ ሠራተኛ ግን ጣሪያ ላይ ወዲያና ወዲህ ይላል፥ ገመዱም ይላላል፤ ስለዚህ ለእኛ ሙሉው ቀበቶ ግድ ነው።

አሁን አጠቃቀሙን በተራ ልዘርዝር።

አንደኛ፥ አለባበሱ። የጭኑን ጠፍር ሳያስሩ ትከሻውን ብቻ አንጠልጥለው የሚሠሩ አሉ፤ ያ ጌጥ ነው። በጠፍሩና በጭኑ መካከል መዳፍ ተዘርግቶ መግባት አለበት፤ ጭብጥ ግን መግባት የለበትም። የጀርባው ቀለበት ወደ ወገብ ከወረደ ጠፍሩ ላልቷል ማለት ነውና እንደገና ይታሰር።

ሁለተኛ፥ የሚታሰርበት ነገር። የነገሩ ሁሉ ራስ ይኼ ነው። ቀበቶ የሚያድነው በታሰረበት ነገር ልክ ነው። በአሜሪካኖች ደንብ ማሰሪያው ለአንድ ሰው ከ22 ኩንታል በላይ መቻል አለበት። «አንድ ሰው አንድ ኩንታል አይሞላ፤ 22 ኩንታል ምን ያደርጋል?» አትበሉ። አንድ ኩንታል በቆሎ ቀስ ብላችሁ ትከሻችሁ ላይ ስታኖሩትና ከቆጥ ላይ ሲወረወርባችሁ አንድ ነውን? የሚወድቅ ነገር ከክብደቱ በላይ ይመታል። ስለዚህ ቀበቶ በማገር ላይ አይታሰርም፤ በሚስማር አይታሰርም፤ በቆርቆሮ አይታሰርም፤ በመወጣጫው አጣና ላይ አይታሰርም፤ መወጣጫው ከወደቀ ሰውየውን ይዞት ነውና የሚወድቀው። ለእኛ ቤት የሚሻለው፥ ጠንካራ ገመድ በጣሪያው ጉልላት አሻግሮ ከቤቱ ማዶ ባለ ትልቅ ዛፍ ግንድ ላይ፥ ወይም ሥሩ በኮንክሪት በተያዘ ወፍራም ቋሚ ላይ ማሰር ነው። ፎቅ ከሆነ ደግሞ በደረቀ የኮንክሪት ምሰሶ ላይ ይታሰራል።

ሦስተኛ፥ የገመዱ ርዝመት። ይህን ብዙ ባለሙያ እንኳ አያውቀውም። ማያያዣው ገመድ 2 ሜትር ቢሆን፥ የሚተረተረው ጥቅል እስከ 1 ሜትር ከ75 ሊረዝም ይችላል፤ ከቀለበቱ እስከ እግር ያለው የሰውየው ቁመት 1 ሜትር ከግማሽ ነው፤ ለጥንቃቄ 1 ሜትር ጨምሩ። ድምሩ 6 ሜትር ከ25 ሆነ። ይህም ማለት ገመዱ ከታሰረበት በታች 6 ሜትር ከሩብ ባዶ ቦታ ከሌለ፥ ሰውየው ገመዱ ሳይይዘው በፊት መሬት ሊመታ ይችላል ማለት ነው። የእኛ ቤት ግን 4 ሜትር ነው! እንግዲህ «ቀበቶ አድርጎ ነበር፥ ግን ሞተ» የሚባለው ከዚህ ይመጣል።

ታዲያ ለዝቅተኛ ቤት ቀበቶ ዋጋ የለውም? አለው፤ አያያዙ ግን ሌላ ነው። ገመዱን አሳጥሩት። ሠራተኛው እጁን ሲዘረጋ ሥራው ላይ ይደርስ፥ እግሩ ግን የጣሪያውን ጠርዝ እንዳያልፍ አድርጋችሁ ቁረጡለት። ጥጃ በችካል ስናስር ገመዱን ከማሳው እንዳያደርሰው አድርገን አይደለም እንዴ የምንለካው? እንደዚያው ነው። ከጠርዝ የማይደርስ ሰው አይወድቅም፤ ካልወደቀ ስሌት አያስፈልገውም። ደግሞም ገመዱ በቀጥታ ከኋላው ይሁን። ወደ ጎን ርቆ የታሰረ ሰው ቢያዳልጠው እንደ ደወል ምላስ ተወዛውዞ ከግድግዳ ጋር ይጋጫል።

አራተኛ፥ ስለት። የቆርቆሮ ጠርዝ ቢላዋ ነው። ተወጥሮ በቆርቆሮ ጫፍ ላይ የሚሄድ ገመድ ይበጠሳል። ጉልላቱ ላይ ገመዱ የሚያልፍበትን ቦታ በወፍራም ጆንያ ወይም በአሮጌ ጎማ ቁራጭ ሸፍኑት።

አምስተኛ፥ ምርመራ። በየጧቱ፥ ሳይለበስ በፊት፥ ጠፍሩን እያጠፋችሁ በጣት ዳሱት። የተላገ፥ የተቃጠለ፥ ስፌቱ የተፈታ፥ ቀለሙ በፀሐይ የነጣ፥ ሲሚንቶ የደረቀበት ካለ አይለበስም። መንጠቆው ራሱን ችሎ የማይዘጋ ከሆነ አይያዝበትም። አንድ ጊዜ ሰው ወድቆ የያዘ ቀበቶና ገመድ ሥራውን ጨርሷል፤ ቢያምርም ተቆራርጦ ይጣል። የተቀደደውን ጫማ ሰፊ ዘንድ ወስዶ ማሰፋት ክልክል ነው። ገመዱም ለሌላ ነገር አይሁን፤ አህያ አይጫንበት፥ ውኃ አይቀዳበት። ሲያድር ከፀሐይ፥ ከአይጥና ከባትሪ አሲድ ርቆ ይሰቀል።

ስድስተኛ፥ ማውረድ። ወድቆ የተንጠለጠለ ሰው ገና አልዳነም። ጭኑ በጠፍሩ ተይዞ ሳይንቀሳቀስ ከቆየ ደሙ ወደ እግሩ ይወርዳል፤ ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜም ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ማንም ሰው ብቻውን ጣሪያ ላይ አይሥራ። ከታች የሚጠብቅ ሰው፥ በቅርብ የሚደረስበት መሰላል፥ እንዲሁም «ቢንጠለጠል በዚህ በኩል እናወርደዋለን» የሚል ምክር ከጧቱ መኖር አለበት። የተንጠለጠለውም እግሩን ያንቀሳቅስ፥ ግድግዳም ካገኘ ይርገጥ።

ስለ ልኩ አንድ የውጭ አገር ታሪክ ልጨምር። በአሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ ጎልደን ጌት የሚባለው ትልቅ ድልድይ ሲሠራ ከሠራተኞቹ በታች መረብ ተዘርግቶ ነበር። 19 ሰዎች ወድቀው በመረቡ ተርፈዋል። ነገር ግን በአውሮፓ አቆጣጠር በየካቲት 1937፥ ድልድዩ ሊመረቅ ጥቂት ወር ሲቀረው፥ አንድ ከባድ መወጣጫ ተነቅሎ መረቡ ላይ ወደቀ፤ መረቡ ተቀደደና 10 ሰዎች ሞቱ። መረቡ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ሰው እንዲይዝ የተሠራው ነገር መወጣጫ እንዲይዝ አልተሠራም ነበር። መሣሪያ ሁሉ የራሱ ልክ አለው፤ ልኩን አውቆ መጠቀም የሠራተኛው ፈንታ ነው።

አሁን የገጠር አባሎቻችን «እኛስ?» እንዳትሉ። ቀፎ ለመስቀል፥ ማር ለመቁረጥ፥ ባሕር ዛፍ ለመመልመል ዛፍ ላይ የሚወጣ በመካከላችን ብዙ ነው። ማር የሚቆረጠውም ብዙ ጊዜ ሲመሽ፥ በጭስ ውስጥ፥ ንብ እየተናደፈ ነው። ንብ ዓይኑ ላይ ያረፈችበት ሰው እጁን ከቅርንጫፍ ላይ ያነሣል፤ ይህ የሰው ጠባይ ነው። ስለዚህ ለእጅ መተማመን አይገባም። ለዛፍ ሁለት ማያያዣ ገመድ ያስፈልጋል። አንዱን ከራስ በላይ በወፍራም ቅርንጫፍ አስሮ መውጣት፤ ቅርንጫፍ ሲታለፍ ሁለተኛውን ከላይ ሳያስሩ የመጀመሪያውን አለመፍታት። ምንጊዜም አንዱ የታሰረ ይሁን። ገመዱም በደረቀ ቅርንጫፍ ላይ አይታሰር።

ከብዙ ሰው ስለምሰማቸው ምክንያቶች ደግሞ ጥቂት ልበል።

«ጊዜ ያባክናል» ይባላል። ቀበቶ መልበስ የአንድ ሲኒ ቡና ጊዜ አይፈጅም። እኛ ለዚያ ልጅ ድንኳን ውስጥ ሦስት ቀን ተቀምጠናል።

«ወንድ ልጅ እንዴት ይታሰራል?» ይባላል። ጎበዝነቱንስ አልጠላሁትም፤ ግን ጣሪያ ጠላት አይደለም፥ አይፈራንም። የታሰረ ሰው ሁለቱን እጆቹን ለሥራ ስለሚያውል እንዲያውም ፈጥኖ ይሠራል። ከዚሁ ጋር፥ ጧት ብርድ ነው ብሎ አረቄ ቀምሶ መሰላል የሚይዝ ሰው አይጥፋ እንጂ አይሁንም! የጠጣ ሰው ቀበቶም አያድነው፥ ማሰሪያውን ራሱ ይስታልና።

«እግዚአብሔር ይጠብቃል» ይባላል። አሜን፥ ይጠብቃል። ነገር ግን እርሻችንን ሳናጥር ከብት እንዳይገባ አንጸልይም፤ አጥረን ነው የምንጸልየው።

«ሕጉ አሠሪውን ይጠይቃል» የሚልም አለ። እውነት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የመከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና ሠራተኛውን እንዲያስተምር ያዛል፤ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳትም ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ኃላፊ ያደርገዋል። ይሁን እንጂ እዚያው አዋጅ ውስጥ፥ በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ጥሶ ወይም ራሱን እስኪስት ሰክሮ ሥራ ላይ ተገኝቶ የተጎዳ ሠራተኛ መብቱን ሊያጣ እንደሚችል ተጽፏል። ስለዚህ ልጆቻችሁ በትልቅ ሥራ ላይ ሲቀጠሩ ቀበቶ ጠይቀው ይውሰዱ፥ ከወሰዱም ይልበሱት። በእኛ ሰፈር ግን ቤት የሚሠራው ብዙ ጊዜ በደቦና በወንፈል ነው። በደቦ አሠሪውም ሠራተኛውም ጎረቤት ነው። ጎረቤት ለጎረቤት ክስ አይመሠርትም፤ ቀብር ነው የሚሄደው። ስለዚህ ለደቦ ሕጉን መጠበቅ ሳይሆን እድራችን መድረስ አለበት።

እነሆ ወደ ሐሳቤ መጣሁ።

እድራችን ድንኳን አለው። ጎላ ድስት አለው፥ አግዳሚ ወንበርና ሰሐን አለው። ይህን ሁሉ ለቀብርና ለተዝካር እናወጣለን፤ ዕቃ ጠባቂያችን ይመዘግባል፥ ይቀበላል። ከዚህ ዕቃ ጋር ሦስት ሙሉ ቀበቶ ከነማያያዣ ገመዳቸው፥ አንድ ረጅም ጠንካራ ገመድና ጥቂት ሄልሜት ይጨመር። ዋጋውን ኮሚቴው ከባሕር ዳርና ከአዲስ አበባ አስጠይቆ ለሚቀጥለው ስብሰባ ያቅርብ። ጣሪያ የሚመታ፥ ቤት የሚቀባ፥ ቀፎ የሚሰቅል አባል ያለ ኪራይ ይዋስ፤ ሲመልስም ዕቃ ጠባቂው ፊት ይመርመር። ለዚህም መዝገብ ይኑር፤ ማን እንደ ወሰደ፥ ወድቆበት እንደሆነና እንዳልሆነ ይጻፍበት። በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ፥ የጣሪያው ወራት ሳይከር፥ በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አለባበሱንና አስተሳሰሩን እኔ በነጻ አስተምራለሁ። ከእኔ በኋላም የሚያስተምሩ ሁለት ወጣቶች ይመረጡ።

አንድ ወንድም ትናንት ሐሳቤን ሰምቶ፥ «ቀበቶ ሳያደርግ ወድቆ የሞተውን እድሩ እንዳይቀብረው ደንብ ይውጣ» አለኝ። እኔ ይህን አልደግፍም። ቀብር ቅጣት የሚፈጸምበት ቦታ አይደለም። የሞተው አይሰማም፤ የምንቀጣው እናቱን ነው። ደንብ ከወጣ ለሕያዋን ይሁን፤ ለደቦ የጠራ አባል መጀመሪያ ቀበቶውን ተውሶ ይጥራ። ሰው ጠርቶ ጠላና ቆሎ እንደሚያዘጋጅ ሁሉ ቀበቶውንም ያዘጋጅ።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለዋል። የእድሩ ጥሩምባ ሲነፋ ሁላችንም ሥራ ጥለን እንወጣለን፤ ይህ የሚያኮራ ነው። ግን ጥሩምባው ሲነፋ ነገሩ አልቋል። ከዚያ በፊት፥ ጧት፥ አንዱ ጎረቤት መሰላል ትከሻው ላይ አድርጎ በደጃፋችሁ ሲያልፍ፥ «ቀበቶውን ወስደሃል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። እታለም፥ አንቺም ባልሽንና ልጅሽን ጠይቂ። እኔን በዚያች ጧት አንድ ሰው ቢጠይቀኝ ኖሮ ተመልሼ ከሚስማሩ ላይ አወርደው ነበር።

ያ ቀበቶዬ ዛሬ አርጅቷል፤ እንደ ደንቡ ቆራርጬ ጥየዋለሁ። ሚስማሩ ግን አሁንም ከበሩ ጀርባ አለ። አልነቀልሁትም።

እመቤቴ፥ ያን ጊዜ «ልጄ ምን ይዞ ነበር?» ብለው ጠይቀውኝ አልመለስሁም። መልሱ «ምንም» ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በጉባኤ ፊት ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። ጉባኤው ሐሳቡን ከተቀበለ ከእንግዲህ የሌላ እናት ልጅ ያለ አንዳች መያዣ ጣሪያ ላይ እንዳይቆም ዕድሜዬ እስከ ፈቀደ ድረስ ከመሰላሉ ሥር እቆማለሁ።

እድራችን ለሕይወትም የሚደርስ እድር ያድርግልን።